ከኋላ ወንበር የማይነሱት መለዋወጫ

ፀጉር አስተካካዩ መኪናውን «ጄኔራሉ» ብሎ የሰየመው ያለ ነገር አይደለም። ሌላው ሰው መኪና አለኝ ሲል አራት ጎማና አንድ መሪ ማለቱ ነው። ጄኔራሉ ግን ሲነሳ የሦስት ሰፈር ዶሮ ከቆጥ ያወርዳል፤ በሩ ሲዘጋ የጎረቤት በር በድንጋጤ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ የሚተፋውን ጭስ አይተው ዝናብ መጣ ብለው ልብሳቸውን ከገመድ የሰበሰቡ ሴቶች አሉ። ቀለሙ ሰማያዊ ነው፣ አይደለም አረንጓዴ ነው ተባብለው የተጣሉ ሁለት አብሮ አደጎች እስከ ዛሬ ሰላምታ የላቸውም። ዕድሜውን የሚያውቅ የለም። ባለቤቱ ሲጠየቅ መቀሱን በአየር ላይ እያንሿሿ፣ «መንገድ ከመሠራቱ በፊት የነበረ ነው። መንገዱንም ያወጡት ለሱ ብለው ነው» ይላል።

ይህ ሁሉ ክብር እንዳለ ሆኖ፣ ጄኔራሉ አንድ ጠዋት አልነሳም አለ።

ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ያቃስታል፣ ያስላል፣ አንድ ትልቅ ነገር ሊናገር እንደተዘጋጀ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከዚያ ምንም። የዓመቱ የተሽከርካሪ ምርመራ ደግሞ ደጅ ላይ ቆሟል። ያንን ያላለፈ መኪና ሰሌዳው ይፈታል። ሰሌዳው ከተፈታ በኋላ የሚሆነውን ሚስቱ ወስናለች።

«ምርመራውን ካላለፈ ለብረት ሰብሳቢው እሰጠዋለሁ፤ በቆመበት ቦታ የልብስ ማስጫ ገመድ እወጥራለሁ» አለችው።

«ጄኔራሉን? ለብረት ሰብሳቢ? ጨፍልቆ ምጣድ ሊያደርገው?»

«ምጣድ ቢሆን እኮ አንድ ቀን ይሠራ ነበር።»

ሚስቱ ስትቆጣ ድምጿን ከፍ አታደርግም፤ ዝቅ ነው የምታደርገው። ይህንን የተናገረችው ደግሞ በሹክሹክታ ነበር።

በማግስቱ ጭንቀቱን ወደ ሱቁ ይዞ ገባ። የፀጉር ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አንገቱ በጨርቅ ስለታሰረ ምላሱ ብቻ ነው ነፃ የሚሆነው። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ መኪና የማያውቅ ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ አልታየም። የቧንቧ ሠራተኛው፣ «የተዘጋ ቱቦ ነው፤ በሽቦ ይጎርጎር» አለ። መምህሩ፣ «መሠረቱ ነው የተበላሸው፤ ከባትሪው መጀመር አለብህ» አለ። ዳቦ ጋጋሪው ገና ሳሙና ፊቱ ላይ እያለ፣ «አልሞቀም። ያልሞቀ ነገር አይነሳም» ብሎ ደመደመ። ነርሱ ደግሞ ሳሉን በስልክ አሰምተውት፣ ብዙ ፈሳሽ ይውሰድ አለ።

ሁሉም ምክር ተሞከረ። ካንዴላው ተቀየረ፤ ባትሪው ተቀየረ፤ ካርቡራተሩ ወርዶ በጥርስ ብሩሽ ታጥቦ ወጣ። ቀጥሎ የተኬደው ወደ መለዋወጫ ሱቅ ነበር።

«የመኪናው ዓይነት?» አለ መለዋወጫ ሻጩ፣ ከባንኮኒው ኋላ ቀና ሳይል።

«ከየቱ ልጀምርልህ? ኮፈኑ ከታክሲ የመጣ ነው። በሮቹ ከአምቡላንስ። መሪውን አንድ ወዳጄ ከጀልባ ነው ያመጣልኝ።»

«ሞተሩስ?»

«ሞተሩ የራሱ ነው። ማለት፣ ከገባ በኋላ የራሱ ሆኗል።»

ሻጩ መነጽሩን አወለቀ። «ጋሼ፣ ይሄ መኪና አይደለም፤ ስብሰባ ነው። ለስብሰባ መለዋወጫ የለኝም።»

የመጨረሻው ተስፋ መካኒኩ ነበር። ሰፈሩ «ጆሮ» ይለዋል፤ የመኪና በሽታ የሚያገኘው በማዳመጥ ነውና። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። በዚህ ዘዴ አንድ ጊዜ የጎረቤት ሞተር ውስጥ የጠፋ ብሎን ስሙን ሲጠራ ሰምቷል ይባላል። ጄኔራሉን ግማሽ ቀን አዳመጠው።

«ቤንዚን አይደርሰውም» አለ በመጨረሻ።

«ለምን?»

«እሱን አልነገረኝም።»

በዚህ መሃል ነው እንግዲህ አማቱ ወደ ታሪኩ የገቡት። አማቱ የሚስቱ እናት ናቸው፤ ልጃቸውን ሊጠይቁ ለጥቂት ጊዜ መጥተው ጥቂቱ ጊዜ ረዝሞባቸዋል። ከአማቻቸው ጋር ጠብ የላቸውም። እንዲያው ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ፣ አንዳቸው ወዲያው ሌላ ክፍል ውስጥ የረሱት ነገር ትዝ ይላቸዋል። እሱ ሲያወራ አማቱ ጣሪያውን ያያሉ። «ይሄ ልጅ አንድ ቀን እውነት ቢያመልጠው ይታመማል» ብለዋል አሉ፤ እሱ በሌለበት፣ ግን እንዲሰማው አድርገው።

አንድ ከሰዓት ቤት ውስጥ የሚፈጭ፣ የሚወቀጥ፣ የሚታጠብ ነገር በዛባቸውና ሹራብ ሥራቸውን ይዘው ወደ ግቢ ወጡ። ጄኔራሉ ፀሐይ ላይ ሙቅ ሆኖ ቆሟል። የኋላውን በር ከፈቱ፤ ትራሳቸውን አነጠፉ፤ ከሹፌሩ ወንበር በስተጀርባ ተደላድለው ተቀመጡ። ፀጉር አስተካካዩ ከፊት ሆኖ ከመሪው ጋር እየተኳረፈ ነበር። ቁልፉን ያዞረው ለማስነሳት ብሎ አይደለም፤ እጁ ሥራ ስላጣ ነው።

ጄኔራሉ ጮኸ። የሦስት ሰፈር ዶሮ ወረደ። የጎረቤት በር ተከፈተ።

«ምንድን ነው ይሄ ጉድ!» ብለው አማቱ ከመደንገጣቸው የተነሳ ዘለው ወረዱ። ጄኔራሉም ተርገፍግፎ ጠፋ።

«እማማ! እስቲ ይመለሱ!»

ተመለሱ። ተነሳ። ወረዱ። ጠፋ። ፀጉር አስተካካዩ እንባው መጣ።

ሰፈሩ ተሰበሰበ፤ ጆሮ ከነካቻቢቴው መጣ፤ ጥናቱም ተጀመረ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ እነዚህ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ ጨዋዎች እንጂ። ሚስቱ ገብታ ከእናቷ ትራስ አጠገብ ተቀመጠች፤ አልነሳም። ሥጋ ሻጩ፣ ሲተነፍስ ሸሚዙ ቁልፍ የሚበትነው ያ ግዙፍ ሰው ተጠራ።

«የእማማን ቦታ ግን አልነካም፤ ነውር ነው» ብሎ በወዲያኛው ጥግ ተቀመጠ። ጄኔራሉ በአንድ ወገን መሬት ሊስም ደረሰ እንጂ አልነሳም። ሲሚንቶ ከነከረጢቱ ተጫነ፤ እሱም በትራሱ ማዶ። ትራሱን ፈቀቅ ያደረገ የለም። የትልቅ ሰው መቀመጫ ላይ ሲሚንቶ ይጫናል እንዴ? አማቱ ተቀምጠው ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ፣ «እስቲ ይነሱና ከሥርዎ ያለውን እንይ» የሚል ከየት ይመጣል? ሁሉም በኮፈኑ በኩል ተደፍተው ፈለጉ፤ ከሥር በጀርባቸው ተንጋለው ፈለጉ። ወንበሩ ግን የእማማ ነው።

ጆሮ ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተ። «ክብደት እንዳንል ሥጋ ሻጩ አለ። ሙቀት እንዳንል ሰው ሁሉ ይሞቃል። ስለዚህ ሴትዮዋ ናቸው» አለ።

«ምን ማለት ነው ሴትዮዋ ናቸው?» አሉ አማቱ፣ ከወንበራቸው ላይ ሆነው።

«የጎደለው ዕቃ እርስዎ ነዎት፣ እማማ።»

አማቱ ይህንን ትንሽ አላመጡት። ከዚያ ሹራባቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉና፣ «እኔ ከመጀመሪያውም አንድ ነገር እንደጎደለው አውቄ ነበር» አሉ።

ከዚያን ቀን ወዲያ የዚያ ቤት ሥርዓት ተገለበጠ። አማት በአማቻቸው እንዲህ ሲከበሩ ምድር አላየችም። ጠዋት መጀመሪያ የሚቀርበው ለእሳቸው፤ ምሽት ከብርድ የሚሸፈኑት እሳቸው። ፀጉር አስተካካዩ ባትሪውን ረስቶ የእሳቸውን ጉልበት ይጠይቃል። ሳሙና ለመግዛት ሱቅ ሲሄድ አማቱ ከኋላ አሉ፤ ፀጉር ሲቆርጥ ጄኔራሉ ከደጅ ቆሞ አማቱ ከኋላ ሹራብ ይሠራሉ። ደንበኞቹ በመስታወቱ አሻግረው ያዩዋቸዋል።

«የሳቸው ዓይነት በዓለም ላይ የለም» ይል ነበር ምላጩን እየሳለ። «ከውጭ ሰዎች መጥተው ለምነውኛል። አልሰጥም አልኳቸው።»

አማቱም ሥልጣን ምን እንደሆነ የማያውቁ አልነበሩም። መጀመሪያ፣ «ቀስ በል፤ ጉድጓድ አለ» ማለት ጀመሩ። ቀጥለው የሚኬድበትን መንገድ መረጡ። በመጨረሻ ሲያወራ በመሃል እየገቡ፣ «ይሄኛው ውሸት ነው፤ ዝለለው» ይሉት ጀመር። ዘለለው። እንዲህ ያለ ነገር ለማንም አድርጎ አያውቅም።

አንድ ሳምንት ጉንፋን ያዛቸውና አልጋ ላይ ዋሉ። ፀጉር አስተካካዩ በእግሩ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሮጠ።

«ምን ጎደለ ዛሬ?» አለ ሻጩ።

«አማት።»

ሻጩ ግራና ቀኙን አየና ወደ ባንኮኒው ጎንበስ አለ። «የኔዋን ውሰዳት። አዲስ ናት ማለት እችላለሁ። ትንሽ ድምፅ ታሰማለች እንጂ።»

አማቱ ተሻላቸው፤ የምርመራውም ቀን ደረሰ። ፀጉር አስተካካዩ ጄኔራሉን አሳጠበ፤ አማቱ የክት ቀሚሳቸውን ለበሱ፤ ሚስቱ ከበሩ ላይ ቆማ የልብስ ማስጫውን ገመድ በክንዷ እየጠቀለለች ሸኘቻቸው። ገመዱን ማየት አልፈለገም፤ ግን እስከ መታጠፊያው ድረስ በመስታወቱ አየው።

የምርመራው ግቢ ሰፊ ነው። መሬቱ ላይ ቢጫ መስመር ተሰምሯል፤ መኪኖች እንደ ተማሪ ተሰልፈዋል። መርማሪዋ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ ቁመቷ ከጄኔራሉ መስታወት እምብዛም የማያልፍ፣ ዓይኗ ግን ብረት የሚበሳ ሴት ናት።

«ጋሼ፣ መኪናው ውስጥ ከሹፌር በቀር ሰው አይፈቀድም። ተሳፋሪዋ ይውረዱ» አለች።

ጄኔራሉ እየጮኸ ነበርና ፀጉር አስተካካዩም መጮህ ነበረበት። «ተሳፋሪ አይደሉም!»

«ታዲያ ምንድን ናቸው?»

«መለዋወጫ ናቸው!»

ሰልፉ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ አንገቱን በመስኮት አወጣ። መርማሪዋ ግን ተራመደችና በኋላው መስኮት አማቱን አየቻቸው። አማቱም አዩዋት።

«ኦሪጅናል ነዎት፣ እማማ?»

«ከእናቴ ቤት እንደወጣሁ ነኝ።»

«መቼ ነው የተገጠሙት?»

«እኔ አልተገጠምኩም፣ የኔ ልጅ። ገብቼ ተቀመጥኩ፤ መኪናው ነው የገጠመልኝ።»

መርማሪዋ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረች። «ጥሩ። የመኪናው ዕቃ ከሆኑ እንደ ዕቃ ይመረመራሉ። ዕቃ ደግሞ ተነስቶ ከሥሩ ይታያል። ይንገሯቸው፤ ከወንበሩ ይነሱ።»

ፍሬን እየፈተሹ የነበሩት ሁሉ እግራቸውን ከፍሬኑ አነሱ።

«ማን ይንገራቸው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እርስዎ። ባለቤቱ እርስዎ ነዎት።»

«እህቴ፣ ሌላ ነገር እዘዢኝ። ፀጉርህን ተላጭ በይኝ፤ ጄኔራሉን ተሸክመህ ዙር በይኝ። እሳቸውን ተነሱ ማለት ግን…»

«ካልተነሱ አያልፍም። ሰሌዳውን እፈታለሁ። ከኋላዎ ስንት ሰው አለ።»

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ኋላ ዞረ። አማቱ ጣሪያውን አያዩም ነበር። እሱን ነበር የሚያዩት፤ ሹራቡ እጃቸው ላይ ቆሟል። በሕይወቱ አፉ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ብልሃት ቢፈልግ ጠፋ፣ ቀልድ ቢፈልግ ጠፋ፣ ውሸት እንኳ ጠፋ። የሚስቱ ክንድ ላይ የተጠቀለለው ገመድ ብቻ ታየው።

«እማማ» አለ፤ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጠነ። «ይነሱልኝ።»

አማቱ ሹራባቸውን አጠፉ። መርፌዎቹን አንድ ላይ አደረጉ። በሩን እንዲከፍትላቸው አልጠበቁም፤ ራሳቸው ከፍተው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እንደ ንግሥት ከዙፋን ወረዱ። እግራቸው መሬት ሲነካ ጄኔራሉ ጠፋ።

መርማሪዋ ትራሱን አንስታ ለሳቸው አቀበለች፤ የወንበሩን መቀመጫ በአንድ እጇ መንጭቃ አነሳችው። ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ከሥሩ፣ ከፊት ወደ ነዳጅ ማጠራቀሚያው የሚሄድ ሽቦ ነበር። ከዚህ በፊት የነበረ አንድ ባለቤት ቤንዚን የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ከኋላ አስገጥሞበት፣ ሽቦውን ከወንበር ሥር አሳልፎት ኖሯል። ሽቦው ተበጥሷል። ሁለቱ ጫፎች ልክ በአማቱ ትራስ ሥር ተራርቀው ተጋድመዋል፤ እዚያ ላይ ሰው ሲቀመጥባቸው ይሳሳማሉ፤ ሲነሳ ይለያያሉ።

«ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» አለ አንድ የሰልፍ ሹፌር።

መርማሪዋ ሁለቱን ጫፎች ጠምዛ ገጠመቻቸው፤ በፕላስተር ጠቀለለች፤ መቀመጫውን መልሳ ጣለች። «ያስነሱት።»

ወንበሩ ባዶ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ቁልፉን አዞረ። ጄኔራሉ ጮኸ፤ እንደዚያ ጮኾ አያውቅም። ፍሬኑ ያዘ፣ መብራቱ በራ፣ ጡሩምባው በሩቅ የቆመ የዘበኛ ቆብ አበረረ። መርማሪዋ የማለፊያውን ወረቀት መስታወቱ ላይ ለጠፈች። ሰልፉ አጨበጨበ። በሕልሙ እንኳ እንዲህ አላማረለትም ነበር። ዞር ብሎ ለአማቱ፣ «አዩልኝ!» ሊል ነበር።

የሉም።

ከግቢው በር ሲወጣ በእግረኛው መንገድ ላይ አያቸው፤ ትራሳቸውን በብብታቸው አድርገው፣ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ማርሹን አንድ ላይ አድርጎ ከጎናቸው ሆነ።

«እማማ፣ ይግቡ እንጂ። ፀሐይ ነው።»

«ሽቦህን ጫን።»

«እማማ፣ እኔ መቼ ሽቦ አልኩ? መርማሪዋ ናት። ልጅ ናት፤ አታውቅም።»

«ተነሺ ስትለኝ ሰምቼሃለሁ።»

«ይነሱልኝ ነው ያልኩት! ‹ልኝ› አለበት!»

አማቱ እርምጃቸውን አፈጠኑ። ጄኔራሉ እንደ ተቀጣ ውሻ ተከተላቸው። ከኋላ መኪና ቆመ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ አውቶቡስ፤ መንገዱ እስከ ሌላው የከተማ ዳርቻ ድረስ ተዘጋ፤ ጡሩምባው ሰማዩን ሰነጠቀው። የአውቶቡሱ ሹፌር በመስኮት ወጥቶ፣ «ወንድም! ወይ ንዳ ወይ አግባ!» አለ።

«አማቴ ናቸው!»

«ይቅርታ!» ብሎ ሹፌሩ ተመልሶ ገባ፤ ጡሩምባውንም አቆመ።

እንዲህ ሆነው አንድ መታጠፊያ አለፉ። ፀጉር አስተካካዩ መሪውን እንደያዘ ባዶውን ወንበር በመስታወት አየው። «ቀስ በል» የሚለው የለም። የሚያወራውን «ዝለለው» የሚለው የለም። አሁን እንደ ልቡ ማውራት ይችላል፤ ሊጀምር ቢል ለማን እንደሚያወራ ጠፋው። ከዚያ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደና ሞተሩን አጠፋው።

ዝምታው አማቱን አስቆማቸው። ዞር አሉ።

ፀጉር አስተካካዩ በመስኮት ብቅ አለ። «ጠፋ» አለ።

«ምኑ ጠፋ?»

«ጄኔራሉ። አልነሳ አለ። ሽቦው ምንም አልሠራም፤ እኔ መጀመሪያም አላመንኩትም።»

አማቱ እጁን አዩት፤ እጁ አሁንም ቁልፉ ላይ ነው። አውቶቡሱን አዩ፤ የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ እሳቸውን ያያል። ከዚያ አማቻቸውን ፊቱን አዩት፤ ረጅም ጊዜ።

«አንተ እኮ ዋሾ ነህ» አሉት።

«አዎ፣ እማማ።»

መጥተው የኋላውን በር ከፈቱ። ትራሱን አነጠፉ፤ በእጃቸው መታ መታ አድርገው አለሰለሱት፤ ተቀመጡ።

«በል እስቲ አስነሳ።»

አዞረው። ጄኔራሉ ሲነሳ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ እርግብ ሁሉ በነነ።

«አየህ?» አሉ አማቱ።

«አየሁ፣ እማማ።»

«በል ንዳ። ቤት ስንደርስ ያንን የልጄን ገመድ ለኔ ስጠኝ፤ ሹራቤን አሰጣበታለሁ።»